ዓሣው በአጥር ውስጥ፣ ውሃው ከአጥር ውጭ

ከላስ ቬጋስ ወደ ሰሜን ምሥራቅ አንድ ሰዓት ያህል ሲነዳ የሞአፓ ሸለቆ የዱር እንስሳት መጠለያ ይገኛል። ስፋቱ 47 ሄክታር ገደማ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 የተከለለው ሞአፓ ዴስ ለተባለ ዓሣ ሲባል ነው፤ ከዚህ ሸለቆ ሞቃት ምንጮችና ከእነርሱ ከሚነሳው የመዲ ወንዝ ራስጌ በቀር በዓለም ላይ ሌላ መኖሪያ የለውም።

በጅረቱ ዳር በተሠራው መስኮት ዓሣውን ውሃው ውስጥ እንዳለ ማየት ይቻላል። ከጣት ብዙም አይረዝምም፤ ጅራቱ ሥር ጥቁር ነጥብ አለችው። ፊቱን ወደ ላይ አዙሮ ወራጁ የሚያመጣለትን ነፍሳት ይጠብቃል። ሲያድግ ወደ ወንዙ ይወርዳል፤ ለመራባት ግን ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ወደሚያልፈው ምንጭ መመለስ ግድ ይለዋል።

ቦታው ቀድሞ መዋኛ ገንዳዎች የነበሩበት መዝናኛ ነበር። ገንዳዎቹ ፈርሰው ጅረቶቹ ተመልሰዋል፤ በ1990ዎቹ ወንዙን የወረረው ቲላፒያ፣ እኛ ቆሮሶ የምንለው፣ በብዙ ድካም ከዴሱ መኖሪያ ተወግዷል። የሚደነቅ ሥራ ነው። ግን አጥር የከርሰ ምድር ውሃ አይከልልም።

ከ2010 እስከ 2012 በኮዮት ስፕሪንግ ሸለቆ ለሙከራ ውሃ በፓምፕ ተሳበ። ጉድጓዶቹ ከመጠለያው ብዙ ኪሎ ሜትር ይርቃሉ፤ ሆኖም በመጠለያው ከፍተኛ ቦታ ላይ ያለው የፔደርሰን ምንጭ ፍሰት ከግማሽ በላይ ቀነሰ። በዚያው ሸለቆ በሺህ የሚቆጠሩ ቤቶች ያሉት አዲስ ከተማ ታቅዷል። የኔቫዳ የውሃ ባለሥልጣን በ2020 በከርሰ ምድር ውሃ ከተያያዙት ሸለቆዎች የሚሳበው ውሃ በዓመት ከ8,000 ኤከር ጫማ፣ ማለትም ከ10 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ፣ እንዳይበልጥ ወሰነ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጥር 2024 ባለሥልጣኑ ሸለቆዎቹን እንደ አንድ የውሃ ማጠራቀሚያ የማስተዳደር ሥልጣን እንዳለው አጽንቶ፣ የማስረጃውን ክርክር ወደ ታችኛው ፍርድ ቤት መለሰው።

«ለአንዲት ዓሣ ሲባል ከተማ ይቅር?» የሚሉ አሉ። የሚነጥፈው ውሃ ግን የዓሣው ብቻ አይደለም። መዲ ወንዝ ሚድ ሐይቅ ይገባል፤ ላስ ቬጋስ፣ በውስጧም የምንኖር ብዙ ኢትዮጵያውያን፣ የምንጠጣው በአብዛኛው ከዚያ ሐይቅ ነው። ሙከራው ያሳየው ከታየ በኋላ 8,000 ራሱ ለእኔ የበዛ ነው። ባለሥልጣኑ ጣሪያውን ዝቅ ያድርግ፤ እስከዚያው ለአዲስ ጉድጓድ ፈቃድ አይስጥ።