መርዙን ትቶ ሴቷን ማስወጣት

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጃችን፣ ቁጥር 1156/2011፣ ለሴቶች ጤና አደገኛ ተብለው በሚዘረዘሩ ሥራዎች ላይ ሴቶችን ማሰማራት ይከለክላል። ሲያዩት ደግ ሕግ ነው። ግን ለእሷ መርዝ የሆነው ነገር ለወንዱ ደህና ነው ያለው ማነው?

ነገሩ የቆየ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ቤቶች የሚቀቡት ነጭ ቀለም የሚሠራው እርሳስ (ሊድ) ከተባለው መርዛማ ብረት ነበር። ኒውካስል አካባቢ በነበሩ ፋብሪካዎች እርሳሱ ኮምጣጤ ካለባቸው ማሰሮዎች ጋር ይደረደራል። ከዚያ በፈረስ ፋንድያ ወይም ቆዳ ፋቂዎች በጣሉት የዛፍ ቅርፊት ይታፈናል። ሦስት ወር ያህል ሲብላላ ከርሞ ነጭ ቅርፊት ያወጣል። ያንን ከክምሩ የሚያወጡት፣ በጭንቅላታቸው ተሸክመው ወደ ማድረቂያው የሚያመላልሱት በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ። ርካሽ ነበሩ፤ ሌላ ሥራ ያጡ ድሆች።

ፅንስ ይጨነግፍባቸው ነበር። በ1860 ኮንስታንታን ፖል የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በእርሳስ ሥራ ላይ ከነበሩ ሴቶች 123 እርግዝናዎች 64ቱ መጨንገፋቸውን ጻፈ። ባል ብቻ ከእርሳስ ጋር በሚሠራበት ቤትም ጉዳቱን አይቷል። ይቺን ሁለተኛዋን ነገር ያዙልኝ፤ ሕግ አውጪዎቹ አልያዟትም።

ምክንያቱ ዛሬ ይታወቃል። ሰውነት እርሳስን እንደ ካልሲየም ቆጥሮ አጥንት ውስጥ ያስቀምጠዋል። ሴቷ ስታረግዝ ካልሲየም ከአጥንቷ ሲወጣ እርሳሱም ተከትሎ ደም ውስጥ ይገባል። የእንግዴ ልጁ አያግደውም። ሥራውን ከለቀቀች ዓመታት ቢያልፉም ያው ነው። ወንዱ ላይ ደግሞ የስፐርሙን ቁጥርና ጥራት ይቀንሳል፤ ከአንጎል ወደ ቆለጥ የሚሄደውን የሆርሞን ትእዛዝም ሊያዛባ ይችላል።

በ1898 የእንግሊዝ መንግሥት ሴቶችን ከነዚያ አደገኛ ክፍሎች አገደ። ሴቶቹ ደመወዛቸውን አጡ፣ ወንዶች ተተኩ፣ እርሳሱ እዚያው ቀረ። ሰማንያ ዓመት ቆይቶም ያው ዘዴ ነበር። በ1978 አሜሪካን ሳያናሚድ የተባለው ኩባንያ ዌስት ቨርጂኒያ ባለው ፋብሪካው መውለድ የሚችሉ ሴቶች ከእርሳስ ቀለም ክፍል ይውጡ አለ። አምስት ሴቶች እንጀራቸው እንዳይዘጋ በቀዶ ሕክምና መካን ሆኑ። እንዲህ ያለውን ክልከላ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕገወጥ ያለው በ1991 ነው፤ ጆንሰን ኮንትሮልስ በተባለ ባትሪ አምራች ላይ በቀረበ ክስ።

ወደ እኛ እንምጣ። አሮጌ የመኪና ባትሪ ፈልጦ እርሳሱን የሚያቀልጠውን ልጅ አስቡት። ጓንት የለ፣ ጭምብል የለ። እጁን በቱታው ጠርጎ ሳምቡሳውን ይገምጣል። ማታ በዚያው ቱታ ቤቱ ገብቶ ልጁን ያቅፋል። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ብትሆን ማን ይጠይቃታል? የትም ዝርዝር ላይ የለችም።

አዋጁ አሠሪው የሁሉንም ሠራተኛ ደህንነት እንዲጠብቅ ያዛል፣ እውነት ነው። ነፍሰ ጡርን ለይቶ መጠበቅም ተገቢ ነው፤ ማንም አይከራከርም። ግን የሚዘረዘረው ጾታ ሳይሆን መርዙ ይሁን። እርሳስ ያለበት ቦታ ሁሉ አየር ማስወጫ ይኑር፣ መታጠቢያና የልብስ መቀየሪያ ይኑር። ወንዱም ሴቷም በየጊዜው ደማቸው ይመርመር፤ ሂሳቡንም አሠሪው ይክፈል።