ሮያል ጄሊ የአውራዋ ነው፣ ለእኛ ሰሙ አለልን

ባለፈው ሰሞን ባሕር ዳር የምትኖረው የእህቴ ልጅ አንድ ትንሽ ብልቃጥ ክሬም አሳየችኝ። ክዳኑ ላይ ንብ ተስሏል። «ሮያል ጄሊ አለው አጎቴ፣ ፊት ያጠራል፣ ፀጉርም ያበዛል» አለችኝ። ዋጋውን ስትነግረኝ ደነገጥኩ።

እኔ ያደግሁት ቀፎ በተሰቀለበት ግቢ ነው። አደይ ካበበ በኋላ አባቴ ማታ ማታ ጭስ ይዞ ማር ሲቆርጥ፣ ከማሩ እንጀራ ጠርዝ እንደ ኦቾሎኒ ልጣጭ የተንጠለጠለች ቤት ያሳየኝ ነበር። አውራዋ፣ የንቦቹ ንግሥት፣ የምታድገው እዚያ ውስጥ ነው። ቤቷን የሚሞላው ነጭ፣ ኮምጠጥ የሚል ነገር ነው ዛሬ ሮያል ጄሊ ተብሎ የሚሸጠው። ወጣት ንቦች ከራሳቸው ዕጢ ያመነጩታል። እጮች፣ ማለትም ከእንቁላል የወጡ የንብ ልጆች፣ ሁሉ በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ይመገቡታል፤ አውራዋ ግን ዕድሜ ልኳን እሱን ትበላለች። ሠራተኛዋ ንብ በሥራ ወቅት 6 ሳምንት ገደማ ስትኖር፣ አውራዋ ዓመታት ትቆያለች።

ሻጮች የያዙት ይህንን ነው። አውራን አውራ ያደረገ ነገር አንቺንም ያሳምርሻል ነው ነገሩ። ግን እኮ እጯ ትበላዋለች፣ እኛ ደግሞ ቆዳችን ላይ እንቀባዋለን! ሮያል ጄሊ ሲሶ ያህሉ ቀርቶ ሌላው ውሃ ነው። ከቀረው ትልቁ ድርሻ ፕሮቲንና ስኳር ነው፣ ፕሮቲኑ ደግሞ ትልቅ ስለሆነ ጤነኛ ቆዳን አልፎ አይገባም። በቤተ ሙከራ የቆዳ ሴሎች ላይ ሲጨመር ኮላጅን የሚባለው የቆዳ ማጠንከሪያ ፕሮቲን እንዲበዛ ያደረገበት ጊዜ አለ፣ ይህን አልክድም፤ ሳህን ላይ ያለ ሴልና የሰው ፊት ግን ይለያያሉ። ፀጉር ያበዛል ለሚለውማ ጠንካራ ማስረጃ የለም።

ሌላም አለ። ሮያል ጄሊ ፍሪጅ ይፈልጋል። እ.አ.አ. በ2011 ማሳኪ ካማኩራ የተባለ ጃፓናዊ ተመራማሪ በ40 ዲግሪ ሙቀት ለ30 ቀን ያቆየው ሮያል ጄሊ እጭን አውራ ማድረግ እንዳቃተው አሳይቷል። ታዲያ ፀሐይ በሚመታው የሱቅ መስኮት ወራት የከረመው ብልቃጥ ምን ይቀረዋል?

አስም ወይም የንብ ውጤት አለርጂ ያለበት ሰው ደግሞ ጭራሽ አይንካው። ሲዋጥ ከባድ የአስም ጥቃት ያስነሳል፣ ሰው የሞተበት ጊዜም አለ። ሲቀባም ቆዳ ሊያሳክክና ሊያቀላ ይችላል።

የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። ከአንዷ የአውራ ቤት የሚገኘው ሩብ ግራም ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ሥራው የፍሬም ቀፎ (እንጀራው ተነቃይ ክፈፍ ላይ የሚሠራበትን) እና እጭ እየለቀሙ ወደ አውራ ቤት ማዛወርን ይጠይቃል፤ በብዛት የምታመርተው ቻይና ናት። ከግንድና ከቀርከሃ በተሠራው የእኛ ቀፎ አይሞከርም። እኛ የሩቁን በውድ ስንገዛ፣ ጠጅ ከተጠለለ በኋላ የሚቀረው ሰፈፍ በየቤቱ ይጣላል። ሰፈፉ በሙቅ ውሃ ቀልጦ ቢጠለል እኮ ንጹሕ ሰም ይወጣዋል! ሰም ደግሞ እርጥበት ከቆዳ እንዳይወጣ ይይዛል። ለዚህ ተመራማሪ መሆን አያስፈልግም፣ የተሰነጠቀ ተረከዝ ያለው ሰው በሳምንት ያየዋል።

ለእህቴ ልጅ ያሳየኋት ቀላል ነው። አንድ እጅ ሰም፣ አራት እጅ የሰሊጥ ዘይት። ሳህኑን የፈላ ውሃ ላይ አስቀምጦ ማቅለጥ፣ እሳት ላይ በቀጥታ አይጣድም። ሲበርድ ይረጋል። ከታጠቡ በኋላ ቆዳው ሳይደርቅ ከንፈርና ተረከዝ መቀባት ነው፤ መጀመሪያ ግን ክንድ ላይ ትንሽ ሞክሮ አንድ ቀን መጠበቅ። ለፀጉሯ እናቷ ቅቤ ትቀባታለች። አሁን የኅዳር ደረቅ ነፋስ ሳይመጣ ሰም እንድልክላት ደውላለች።