የሬዚደንሲን ደብዳቤ ሥራውን ያየ ሰው ይጻፈው

«ጽፈህ አምጣና እፈርምልሃለሁ።» ለሬዚደንሲ፣ ማለትም ለስፔሻሊስትነት ሥልጠና፣ የሚያመለክት ወጣት ሐኪም ሲኒየሩን (በላዩ ያለውን ሐኪም) የምስክርነት ደብዳቤ ሲጠይቅ አዘውትሮ የሚሰማው መልስ ይህ ነው። ሲኒየሩ ክፉ ሆኖ አይደለም። ጠዋት ሞርኒንግ የሚባለው የሐኪሞች ስብሰባ አለበት፣ ቀጥሎ የተኙ በሽተኞችን የሚያይበት ራውንድ፣ ከሰዓት ተመላላሽ ታካሚ፣ ሌሊት ደግሞ ለድንገተኛ ይጠራል። ውጤቱ ግን ያሳዝናል። ልጁ ራሱን ማሞገስ ያፍራል። ከጓደኛው ደብዳቤ ይገለብጥና «ትጉህ፣ ሰዓት አክባሪ፣ መልካም ሥነ ምግባር ያለው» ብሎ ይጨርሳል። ስሙን ብትቀይሩት ለማንኛውም ሐኪም ይሆናል።

ጎጃም ውስጥ ምስክርነት ትልቅ ነገር ነው። በዋሸራና በጎንጅ ቅኔ ቤት ተማሪው የሚያስመሰክረው መምህሩ ፊት ቅኔ እየዘረፈ፣ እየታረመ ከከረመ በኋላ ነው። መምህሩ ላልሰማው ተማሪ አይመሰክርም። የሆስፒታል ደብዳቤም በዚያው መንገድ ቢሄድ ደስ ይለኛል።

ለጥሩ ደብዳቤ አንድ ሌሊት ይበቃል። ከወለደች በኋላ ደም የሚፈሳት እናት ከገጠር በባጃጅ ደረሰች እንበል። ተረኛዋ ኢንተርን፣ የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪዋ፣ ምን አደረገች? ማህፀኗን እያሸች ኦክሲቶሲን አስጀመረች? ደም አስጠየቀች? ሲኒየሩን በጊዜ ጠራች ወይስ ከረፈደ? ለቤተሰቡስ እንዴት ነገረች? ይህን ያየ ሲኒየር የሚጽፈው ጥቂት መስመር «ትጉህ ናት» ከሚል ሁለት ገጽ ይበልጣል። ስለዚህ ደብዳቤ መጠየቅ ያለበት ነገሩ ሳይረሳ፣ ከዲፓርትመንቱ ሳይወጣ ነው። ከዓመታት በኋላ ደውሎ «ዶክተር፣ ያስታውሱኛል?» ማለት ለሁለቱም ይከብዳል። ኢንተርኖች፣ የሠራችሁትን ኬዝ የታካሚውን ስም ሳትጽፉ በማስታወሻ ያዙ። ሲኒየሩ ጋ ስትሄዱ ሲቪያችሁንና ያንን ማስታወሻ ስጡት።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ የወረዳ ሆስፒታል ሐኪም ነው። ብዙ ጊዜ አብሮት የሚውል ስፔሻሊስት የለም። ሥራውን የሚያዩት ነርሶች፣ አዋላጆችና ቀዶ ሕክምና የሚሠሩ የጤና መኮንኖች ናቸው። ለዚያ ሁሉ ልፋት ማን ይመስክርለት? በእኔ እምነት ሪፈር፣ ወደ ትልቅ ሆስፒታል የተላከውን በሽተኛ፣ የሚቀበለው ስፔሻሊስት ነው። የላከውን ወረቀት ያነባል። በሽተኛው ተረጋግቶ ነው የመጣው ወይስ ዝም ብሎ ነው የተላከው የሚለውን ያውቃል። ያንን ይጻፍለት።

ወደ አሜሪካ ለሚያመለክቱት ደግሞ «ጽፈህ አምጣ» ከአሠራሩ ጋር አይሄድም። የአሜሪካ ሬዚደንሲ ማመልከቻ በሚላክበት የኢንተርኔት ሥርዓት፣ በኢራስ፣ ለአንድ ፕሮግራም የሚላከው ቢበዛ 4 ደብዳቤ ነው። የሚጭነውም ጸሐፊው እንጂ አመልካቹ አይደለም። አመልካቹ ደብዳቤውን የማየት መብቱን መተው ይችላል፤ እሱ ያላየው ደብዳቤ የበለጠ ይታመናል። ትራንስክሪፕቱና የዲኑ ደብዳቤ የውጭ አገር ተመራቂዎችን በሚያረጋግጠው በኢሲኤፍኤምጂ በኩል ያልፋሉ። ፕሮግራሞቹ ማመልከቻ ማየት የሚጀምሩት በእኛ መስከረም አጋማሽ ገደማ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ የሚፈለገው ክረምት ላይ፣ መምህራን እረፍት በወጡበትና በእንቁጣጣሽ ሰሞን ነው። በሰኔ ያልጀመረ ይቸገራል። በ2015 መጨረሻ በክልላችን በአማራ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ አንዲት ፋይል መላክ ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ሁላችንም አይተናል።

ስምና ቀንም ችላ አይባሉ። በላቲን ፊደል ስማችሁ ዲግሪው ላይና ፓስፖርቱ ላይ በአንድ ፊደል ቢለያይ ማስረጃ ትጠየቃላችሁ። ኅዳር 2014 የተመረቀ በፈረንጆቹ 2021 ነው፤ መጋቢት 2014 ግን 2022 ነው። ወረቀቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ይገለጽ።

«ለምን አግዘን እናስኮበልላቸዋለን?» የሚሉ አለቆች አሉ። ቁጭታቸው ይገባኛል። ስፔሻሊስት ያጣ ሕዝብ ነው ያለን። ግን ወረቀት ስለተከለከለ ልቡ እዚህ የቀረ ሐኪም አላየሁም፤ አኩርፎ የሚሠራ ግን አይቻለሁ። ደግሞም ብዙዎቹ የሚመኙት እዚሁ አገር ነው፦ የባሕር ዳሩን ጥበበ ግዮን፣ ጎንደር፣ ጥቁር አንበሳ። እነሱም ለመግቢያ ፈተናው ማጥናት ሲገባቸው ለስፖንሰርሺፕና ለሥራ ልምድ ወረቀት ከሰው ሀብት መዝገብ ቤት ይመላለሳሉ። አንድ ቀን ኃላፊው ስብሰባ ነው፣ ሌላ ቀን ማኅተም የያዘው ሰው የለም። ሐኪሙ በተመላለሰ ቁጥር በሽተኛ ወረፋ ይጠብቃል።

ሆስፒታሎቻችንና ኮሌጆቻችን ከሰኔ እስከ መስከረም ለዚህ ጉዳይ አንድ ሠራተኛ ይመድቡ። ሩቅ ያለ ሐኪም ወረቀቱን በወኪል እንዲወስድ ይፍቀዱ። ሲኒየሮችም የኢንተርኖች ዙር ሲያበቃ ላመኑበት ልጅ ሳይጠየቁ ደብዳቤውን ጽፈው ያስቀምጡ። በዚህ በመጨረሻው ይጀመር፤ በጀት አይጠይቅም፣ የማንንም ፈቃድ አይጠብቅም።