«ባትሪ ነው»

ቅዳሜ ጠዋት ነው። አማኑኤል ክርስትና ተጠርቻለሁ። የደብረ ማርቆስ የኅዳር ጠዋት እንዴት እንደሚበርድ የሚያውቅ ያውቃል፤ 2400 ሜትር ግድም ላይ ነው የምንኖረው። ጋቢዬን ደርቤ መኪናዬ ውስጥ ገባሁና ቁልፍ አዞርኩ።

ቀጭ።

ሌላ ምንም የለም። አንዴ «ቀጭ» ብላ ዝም። ደገምኩ። ቀጭ። መኪናዬ ዲኤክስ ናት። ከኔ ጋር ብቻ 17 ዓመት ኖራለች፤ ከኔ በፊት የነበሯትን ባሎች አልቆጥርም።

ኮፈኑን ከፍቼ ቀና ስል አራት ሰው ከቦኛል። ከየት እንደመጡ እንጃ። በኛ ሰፈር ሰው ሲታመም እንኳ እንዲህ ፈጥኖ የሚደርስ የለም። «ምን ሆነች?» ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። ሁሉም በአንድ አፍ «ባትሪ ነው» አሉ።

አንዱ ጎረቤቴ ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ጡረተኛ ናቸው። በዕድሜያቸው መሪ ጨብጠው አያውቁም። ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ፣ ከበራቸው ሳይነቃነቁ ምርመራውን ጨረሱት። «ባትሪ ነው፤ ያው ብርዱ ነው» አሉኝ። የባጃጁ ልጅ «ባትሪ ነው ፋዘር» አለ። ወተት የሚያመላልሱት እትዬ እንኳ ቆም ብለው «ባትሪው ይሆናል ልጄ» ብለውኝ አለፉ።

ብርድ ባትሪ ያደክማል፤ እሱ እውነት ነው። የደከመ ባትሪ ግን እንዲህ አይናገርም። የደከመ ባትሪ ቀጭ-ቀጭ-ቀጭ-ቀጭ ይላል፣ ብርድ እንደያዘው ሰው ጥርስ። ወይም ሞተሩን እያንገታገተ ያቃስታል። መለየቱም ከባድ አይደለም። የፊት መብራት አብርቶ ቁልፍ ማዞር ነው። መብራቱ ድርግም ካለ ባትሪው ነው፤ ካልሆነም ገመዱ ላልቷል ወይም ሻግቷል። መብራቱ ፍንክች ሳይል አንዴ ብቻ «ቀጭ» ካለ ግን ጥሪው ደርሷል፤ አልነሳም ያለው ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ሞተሪኖ ነው። የኔ መብራት የጋሼን አጥር ቦግ አድርጎ እያበራ ነው እንግዲህ «ባትሪ ነው» የምባለው!

የምወደው ተረት አለ። «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» ይላል። ይህን ተረት ያወጣው ሰው መኪና ነበረው እላለሁ ሁልጊዜ። መኪና ባይኖረው እንኳ መንገድ ላይ የተኛበት በሬ ነበረው፤ ሰው ከቦት «ባትሪ ነው» ብሎታል። ደግሞ ኩበት ለቃሚው ቢያንስ ጎንበስ ይላል። የኔዎቹ ጎንበስም አላሉ።

ይህ በሌላ አገር ቢሆን አይገርመኝም ነበር። ጎጃም እኮ የቅኔ አገር ነው። ዋሸራን፣ ዲማን፣ ጎንጅን ያህል ጉባኤ ቤት ያለበት፣ ተማሪው ቁራሽ እየለመነ ሰምና ወርቅ መለየት የሚማርበት አገር ነው። መኪናዬም በአቅሟ ተቀኘች። ጉባኤ ቃና እንኳ ሁለት ቤት አለው፤ እሷ በአንድ ቤት ጨረሰችው። ሰሙ ባትሪ፣ ወርቁ ሌላ። የኛ ሰፈር ሊቃውንት ግን ሰሙን ይዘው ቤታቸው ገቡ።

እንዲህ ያንገበገበኝ በከንቱ አይደለም። አምናም «ባትሪ ነው» ተብዬ፣ አምኜ፣ አዲስ ባትሪ ገዝቻለሁ። ዋጋውን አልናገርም፤ ባለቤቴ ታነበዋለች። አሮጌውን ለአንድ የሚኒባስ ሹፌር በርካሽ ሰጠሁት። ይኸው እስከ ዛሬ ሚኒባሱን ያስነሳበታል፤ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ጡሩምባ ነፍቶ ሰላም ይለኛል። ያ ጡሩምባ የሚነፋው በኔ ባትሪ ነው። «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» የሚባለው ይኼኔ ነው።

ሞፈር ካልኩ አይቀር ጎማ ስቀይር መኪናዋን የማነሳበትን የክሪኬን ነገር ላንሳ። በ2009 ዓ.ም. የባለቤቴ ወንድም «ለአንድ ሰዓት» ብሎ ክሪኬን ተዋሰኝ። አንድ ሰዓት። እኔም ሰዓት አይቼ ሰጠሁት። አምና ለፋሲካ ቤቱ ተጠርተን ሄድን። ወደ ጓዳ የሚያስገባው መጋረጃ ገለጥ ሲል የተሰበረ የአልጋ እግር ተክቶ ቆሞ አየሁት። ቀዩ ክሪኬ! እኔና ክሪኩ ተያየን። ዶሮ ወጡ ቀረበ። በላሁ፤ ጠላውንም ጠጣሁ፤ «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ወጣሁ። አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ይሉኝታ የሚሉት ነገር የሰው ዕቃ ለሚያስቀር እንጂ ለባለቤቱ አልተሠራም። ጎማ በተነፈሰብኝ ቁጥር ጎሚስታ በባጃጅ አስመጣለሁ። እሱ በሰላም ይተኛል፤ በኔ ክሪክ ላይ።

ምን እያልኩ ነበር? ሞተሪኖ።

ስሙ ራሱ የጣልያን ነው። ክሪክም፣ ኮፈንም፣ ካቻቢቴም፣ ካንዴላም፣ ፍሪሲዮንም። አምስት ዓመት ተቀምጦ ሄደ ይሉናል። እነ በላይ ዘለቀ ጎጃም ውስጥ መቀመጫ አሳጥተውት ነበር፤ ከኮፈን ሥር ግን ያስወጣው የለም። ድሮ መኪና የሚነሳው ከፊት ለፊት ማኖቬላ የሚሉት ብረት ተሰክቶ በእጅ እየተዘወረ ነበር። ሞተሩ ወደኋላ ከመለሰው የስንቱን ክንድ ሰብሯል። ቻርለስ ኬተሪንግ የሚባል አሜሪካዊ በኤሌክትሪክ የሚያስነሳውን ሠራና በፈረንጆቹ 1912 ካዲላክ ላይ ተገጠመ። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። እኔ በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ግፊ ተመለስኩ።

ግፊ ሲባል ሰው እንዴት እንደሚበተን አይታችኋል? «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። እኔ ሃምሳ ሎሚ አልጠየቅሁም፤ አራት ሰው ነው የፈለግሁት። የቀረኝ የባጃጁ ልጅ ብቻ ነው። አንዱ ወገቡን ያመዋል። አንዱ ልብሱ ነጭ ነው። ጋሼ ከበራቸው ሆነው «ሁለተኛ ማርሽ! ሁለተኛ አስገባ!» እያሉ ይጮኻሉ። እውነት ለመናገር ልክ ናቸው፤ በሁለተኛ ነው። ያ ደግሞ ይብስ አናደደኝ።

ለነገሩ ሞተሪኖው ማኩረፍ የጀመረው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ከዚያ ወዲህ ከተማውን የማውቀው በቁልቁለቱ ነው። ቡና የምጠጣው ቡናው ከሚጣፍጥበት ሳይሆን መኪና ለቀቅ ሲያደርጉት ከሚንደረደርበት ቤት ነው። ደጀን ብኖር ምን ነበረበት እያልኩ አስቤ አውቃለሁ፤ ከዚያ እስከ አባይ ድልድይ ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። መመለሻው ላይ ነው ጣጣው።

ሁለታችን ገፍተን፣ እኔ በሩን ይዤ እየሮጥኩ ዘልዬ ገብቼ፣ ፍሪሲዮኑን ለቀቅ ሳደርግ ተነሳች። በቀጥታ ኤሌክትሪሺያን ቤት ሄድኩና አጠፋኋት።

ልጁ ዝምተኛ ነው። መጀመሪያ ያለኝ ቃል «እስቲ አዙረው» ነው። ጆሮውን ወደ ሞተሩ አስጠጋ። ቀጭ። «ድገመው።» ቀጭ። በሕይወቴ እንዲህ ተደምጬ አላውቅም። ባትሪውን በቴስተር ለካ፤ 12.6 ቮልት፣ ጥግብ ያለ ባትሪ። ሳዞር ደግሞ ቮልቱ ንቅንቅ አላለም። ጤነኛ ሞተሪኖ ሲነሳ ከመቶ አምፔር በላይ ስለሚስብ ቮልቱ ትንሽ መውረድ ነበረበት። ይኼኛው ጠብታም አልቀመሰ። ከዚያ የባትሪውን ጫፎች ነካካ፤ ከባትሪው ወደ ቦዲው የሚሄደውን ገመድም ወዘወዘ። ጥብቅ ናቸው። በመጨረሻ የጎማ መፍቻውን አንስቶ በእጀታው ሞተሪኖውን ኳ ኳ ኳ አደረገው።

«አሁን አዙር።»

ተነሳች። ልጁ ፈገግ እንኳ አላለም። «ካርቦን» አለኝ፤ ካርቦን ብቻ።

የባትሪውን ገመድ ነቅሎ (ወደ ሞተሪኖው የሚሄደው ወፍራም ገመድ ቁልፉ ቢጠፋም ኃይል አለው፤ መፍቻ ከብረት ጋር ካገናኘው ብልጭታው አይጣል ነው) ሞተሪኖውን አወረደና ፈታው። ውስጡ የከሰል ጆንያ ይመስላል። ካርቦኖቹ ተበልተው ተበልተው ባቄላ አክለዋል። ከኋላቸው ሞላ አለ፤ ወደሚሽከረከረው መዳብ እየገፋ የሚያስነካቸው። እነሱ ሲያጥሩ ሞላው አልደርስ አለ። ሲመታ ተንሸራትተው ለቅጽበት ይነካሉ፤ ለዚያ ነው የተነሳችው። እየደበደቡ መኖር ይቻላል፤ ግን እስከ መቼ? መዳቡን በብርጭቆ ወረቀት ለስለስ አድርጎ፣ አቧራውን ጠርጎ፣ አዲስ ካርቦን ገጠመበት። ሁለት ሰዓት አልፈጀም። የከፈልኩት የባትሪው እሩብ አይሆንም። የባትሪው ዋጋ ትዝ ሲለኝ ደግሞ ያ ጡሩምባ ጆሮዬ ላይ ጮኸ።

ክርስትናው? ደረስኩ፤ ሰው እጁን ከታጠበ በኋላ። የባለቤቴ ወንድም ከሁላችንም ቀድሞ ደርሶ ነበር። «ምነው ዘገየህ?» አለኝ። ስለ ክሪኩ ልናገር አፌን ከፈትኩ። ጠላ ሰጡኝ።

ኤሌክትሪሺያኑ አሮጌዎቹን ካርቦኖች በጋዜጣ ቁራጭ ጠቅልሎ ሰጥቶኝ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ለጋሼ ገልጬ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አወጡ። መዳፋቸው ላይ አድርገው አገላበጧቸው። ጣታቸው ጠቆረ።

«አየህ» አሉኝ፤ «ባትሪው ነው እንዲህ አድርጎ የጨረሳቸው።»