ማስተካከያ፦ ስለ ውብ ዘፈኖቹ ዝርዝር

ከጎንደር አንባቢዎች የሰበሰብነው «ከሰማናቸው ሁሉ ያማሩ ዘፈኖች» ዝርዝር ላይ «ትዝታ» የጌታቸው ካሣ ብቻ ተብሎ ተቀምጧል። እንዲህ ይታረም፦ ትዝታ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ ጋር ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች (ዜማ የሚሠራባቸው የድምፅ ስልቶች) አንዱ ነው። በዚሁ ስም የሚጠራውን ዘፈን ጌታቸው በዝግታም በፈጣን ምትም ተጫውቶታል። ማሕሙድ አህመድም፣ በዛወርቅ አስፋውም፣ አስቴር አወቀም ዘፍነውታል። ግጥሙም እንደየዘፋኙ ይለያያል። ስለዚህ «ትዝታ» ብላችሁ የመረጣችሁ፣ የማንን እንደሆነ ጻፉልን። «አዝማሪ ቤት የሰማሁት» ያላችሁም አላችሁ፤ እሱን እንዴት እንደምንቆጥረው እንጃ!

አምባሰል «የጎንደር ዜማ» ተብሎ የገባውም ይስተካከል። አምባሰል ወሎ ነው፤ ባቲም እንዲሁ። የጎንደር አዝማሪ አሳምሮ ቢጫወተው ደስ ይለናል እንጂ አገሩን አይቀይረውም። ጎንደሬዎች ቅር እንዳይላችሁ፣ ዝርዝሩ ላይ ያለችው አስቴር አወቀ የተወለደችው ጎንደር ነው። ይህም ሳይጻፍ ቀርቶ ነበር።

መሲንቆ ደግሞ ዝርዝሩ ላይ «ባለ ስድስት ክር» ተብሏል፤ መሲንቆ ባለ አንድ ክር ነው። ባለ ስድስት ክር የሚባለው ክራር ነው።