ጥቆማው ከመኪናው ቀድሞ ድልድዩ ላይ ይድረስ

ባሕር ዳር ለመኪና ሌባ የምትመች ከተማ አይደለችም። ሌብነት የለም ማለቴ አይደለም። አለ። ጠዋት ሲነሳ ስፖኪዮው ተነቅሎ፣ ባትሪው ተፈትቶ የጠበቀው ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም። እኔ የምለው ስለ ካርታዋ ነው። በሰሜን ጣና አለ፤ ሐይቁን በቪትዝ የሚሻገር የለም። በምሥራቅ አባይ አለ፤ ድልድዩን ሳያልፉ ወደ ጎንደርም ወደ ደብረ ታቦርም መሄድ አይቻልም። የሚቀረው በመራዊ አድርጎ ወደ ዳንግላና እንጅባራ የሚወጣው የአዲስ አበባ መንገድ፣ የአዴትና የሞጣው መንገድ፣ እንዲሁም ወደ ዘጌ የሚወስደው ነው። በቃ። መኪና ሰርቆ ከዚህ ከተማ መውጣት የፈለገ ሰው ዋና መንገድ ሲቆጥር የእጁ ጣት አያልቅበትም።

ታዲያ መኪናውና ባጃጁ እንዴት ነው ጠፍቶ የሚቀረው? የእኔ መልስ አጭር ነው። ወሬው ከመኪናው ይዘገያል።

በመውጫዎቹ ላይ ኬላ እንግዳ ነገር አይደለም። በተለይ ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ፍተሻ ለምደናል። ተሳፋሪ ይወርዳል፣ መታወቂያ ያሳያል፣ ቦርሳ ይከፈታል። መኪናዋ ራሷ የማን ናት ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙም አይገጥምም። ቢጠይቅስ ፈታሹ ምን ሊያውቅ ነው? ከሃያ ደቂቃ በፊት ድባንቄ ውስጥ የጠፋች ኮሮላ ታርጋ እጁ ላይ የለም። ማን ይንገረው?

ወሬው የት ቆሞ እንደሚቀር ለማየት ጣቢያ መሄድ ነው። እዚህ ጋ አንድ ወዳጄ የገጠመውን ላንሳ። ጣቢያውን ስሙን አልጠራውም፤ ሌላ ጣቢያ ቢሄድም ብዙ የሚለይ አይመስለኝም። ሰውዬው እያለከለከ ገባ።

«መኪናዬን ወሰዱብኝ አለቃ!»

«ተረጋጋ ወንድሜ። ሊብሬው የታለ?»

«መኪናዋ ውስጥ ነው።»

ይሄኔ ፖሊሱ ራሱን ነቀነቀ። አልፈረድኩበትም። ትራፊክ ሲያስቆም ፍለጋ እንዳይሆን ብለን ሊብሬውን ኪስ ውስጥ ሳይሆን ዳሽቦርዱ ውስጥ የምንተው ብዙ ነን። ሌባው መኪናዋን ከነወረቀቷ ይረከባል። ቀጥሎ መጣ ከባዱ ጥያቄ፦ «በስምህ ናት?» በስሙ አይደለችም። በውክልና ነው የገዛት። ስም ለማዛወር የሚከፈለውን ፈርቶ እስከ ዛሬ ሲያቆያት የቆየ ነው። መዝገቡ ላይ ያለው ባለቤት አዲስ አበባ የሚኖር፣ ስልኩ የማይነሳ ሰው ነው። «እስኪ ቤተሰብ ወስዷት እንዳይሆን ደዋውል» ተባለ። ደወለ። ከዚያ «ማመልከቻ አስጽፈህ ና» ተባለ። ማመልከቻው ተተይቦ እስኪያልቅ መኪናዋ መራዊን አልፋለች።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ይሄ ነው።

ፖሊሱ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። የሚፈራው ነገር አለ፣ ፍርሃቱም እውነት ነው። ባልና ሚስት ተጣልተው አንዱ ቁልፉን ይዞ ሲወጣ ሌላው «ተሰረቅሁ» ብሎ ይመጣል። አበዳሪ ለዕዳው መያዣ ብሎ ይወስዳል። ሻጭና ገዢ በቀሪ ክፍያ ይጣላሉ። በሰው ጠብ ገብቶ መኪና ሲያሳድድ መዋል ማንም ፖሊስ አይፈልግም። ግን አንድን መኪና ኬላ ላይ አቁሞ አሥር ደቂቃ መጠየቅ እስር አይደለም። ውሸት ጠቁሞ ፖሊስን ያንከራተተ ሰው ደግሞ በወንጀል ሕጉ ይጠየቃል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ። መጀመሪያ ታርጋው፣ ቀለሙና ሞዴሉ በሬዲዮ ወይም በስልክ ወደ መውጫዎቹ ይድረስ። ወረቀቱ ከኋላ ይምጣ። ለዚህ አዲስ ሕግም አዲስ በጀትም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው «አንደኛ ደውል» የሚል አንድ የአለቃ ትእዛዝ ነው።

ጎረቤት ከተሞችም እዚህ ውስጥ አሉ። አባይን የተሻገረ መኪና ወረታ ላይ ሁለት ምርጫ ይገጥመዋል፤ ወይ ወደ ጎንደር፣ ወይ ወደ ደብረ ታቦር። ድልድዩ ላይ ቢያመልጥ እንኳ እስከ ወረታ ያለው መንገድ ሌላ ዕድል ይሰጣል። ወረታ ላይ የቆመው ፖሊስ ግን ባሕር ዳር ምን እንደጠፋ ካልሰማ ዕድሉ ለሌባው ነው።

ባጃጅ ሌላ ጣጣ አለው። ይህች ከተማ በባጃጅ ነው የምትንቀሳቀስ። አንዱ ባጃጅ የአንድ ቤተሰብ ዳቦ፣ የሹፌሩ ዕለታዊ ገቢ፣ ብዙ ጊዜም ያላለቀ ዕቁብ ነው። ሲሰረቅ ደግሞ ሁልጊዜ በጨለማ ቁልፍ ተሰብሮ አይደለም። ተሳፋሪ መስሎ «ኮንትራት» ብሎ የሚወጣ አለ። ሰው ወደማይበዛበት ዳር ያስነዳል፣ እዚያ ላይ ጓደኞቹ ይጠብቃሉ። ይህ ስርቆት ሳይሆን ውንብድና ነው፤ ሕጉም ቅጣቱን ያከብደዋል። ነፍስ የጠፋበት ጊዜ እንዳለ ከዜና ሰምተናል።

ማታ ባጃጅ የሚያሳድሩ ግቢዎችን ያየ ሰው ሹፌሮቹ ምን ያህል እንደሚጨነቁ ይገባዋል። አንዱ በፊት ጎማውና በእጀታው መሐል ወፍራም ሰንሰለት አስገብቶ ይቆልፋል። ሌላው ባትሪውን ፈትቶ በፌስታል ይዞ ቤቱ ይገባል። ከወንበር ሥር ድብቅ ማብሪያ ማጥፊያ ያሠሩ አሉ፤ እሷን ያላወቀ ሰው ቢረግጥ ቢያስነሳ ሞተሩ ዝም ነው። ይህን ሁሉ ያሰበው የሰፈር ኤሌክትሪሽያን ነው። ከመኪና ፋብሪካ ሐሳብ ጋር ግን አንድ ነው። ቁልፉ ውስጥ ቺፕ ኖሮ፣ ቺፑን ካላወቀ ሞተሩ እንዳይነሳ የሚያደርገውን መሣሪያ የአውሮፓ ኅብረት በፈረንጆቹ 1998 ለአዲስ መኪኖች ግዴታ አደረገ። አሜሪካ ግዴታ አላደረገችውም። በዚያው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ2011 እስከ 2021 የተሠሩ ብዙ የኪያና የሂዩንዳይ መኪኖች ያለ እሱ ተሸጡ፣ ጎረምሶች አሰራረቁን በቲክቶክ እየተማማሩ በ2022 ከተሞቹን አስለቀሱ። የእኛ አሮጌ ኮሮላ ደግሞ ቺፕ የሚባል ነገር ሰምታ አታውቅም። ለእሷ የመሪ ቁልፍ መግዛት ርካሽ መድኃኒት ነው።

ሙሉ መኪና መስረቅ ግን የሚበዛው ሌብነት አይመስለኝም። የሚበዛው ዕቃ መንቀል ነው። ስፖኪዮ፣ ፍሬቻ፣ ስኮርታ፣ ባትሪ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ጥር 2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለ። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። አሮጌ መኪና ወርቅ ሆነ፣ መለዋወጫውም አብሮ ተሰቀለ። ለሌባ ደግሞ ስፖኪዮ ከመኪና ይሻላል። ታርጋ የለውም፣ ሊብሬ የለውም፣ ብብት ሥር ይገባል።

የተነቀለችው ስፖኪዮ ታዲያ ሐይቅ ውስጥ አትገባም። የሚገዛት አለ። «ሱማሌ ተራ» ሲባል የመርካቶው የመለዋወጫ ሰፈር ትዝ የማይለው ሹፌር የለም፤ እዚያ ሄዶ የራሱን ዕቃ መልሶ የገዛ ሰው ቀልድ አገር ያውቀዋል። የእኛም ከተማ የራሷ ትንንሽ ተራዎች አሏት። እናም ፖሊስ ሌባውን በሌሊት ከማሳደድ ይልቅ ገዢውን በቀን ቢጎበኘው ብዙ ያተርፋል። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 682 በወንጀል የተገኘ ዕቃ የሚገዛውን፣ የሚያስቀምጠውን፣ የሚያሻሽጠውን ይቀጣል። «የመሸሸግ ወንጀል» ይለዋል። አንቀጹ አለ፤ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጠው ሱቅ ውስጥ ግን ከማን እንደተገዛ የሚያሳይ ደብተር የለም። የሻጭ መታወቂያ ቅጂና ስልክ የተጻፈበት አንድ መዝገብ ይያዝ። ፖሊስ በወር አንዴ ገብቶ ይገልብጠው። ሐቀኛው ነጋዴ አይጎዳም፤ እንዲያውም ከሐሜት ይድናል።

ባለ መኪናውም የቤት ሥራ አለበት። ስፖኪዮና መብራት ላይ የታርጋ ቁጥር ማስቀረጽ የተለመደ ነው፣ ጥሩም ነው። ቁጥር የተቀረጸበት ዕቃ ገበያ ላይ ዋጋው ይወርዳል፣ ፖሊስ እጅ ሲገባም ባለቤቱ ይታወቃል። ደግሞ ስም እናዛውር እባካችሁ። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 የተሽከርካሪ መለያ፣ ምርመራና ምዝገባ የተደነገገው በውክልና እየተቀባበልን እንድንኖር አይደለም። ሦስተኛ ወገን ከፍዬ ቦሎ ለጥፌያለሁና ዋስትና አለኝ ብሎ የሚጽናና ካለም ይንቃ። ሦስተኛ ወገን የምትገጨውን ሰው ነው የሚክሰው፤ የተሰረቀች መኪናህን አይመለከታትም።

ጂፒኤስ ያስገጠሙ ሰዎች «እኔ አልቸገርም» ይላሉ። ይጠቅማል። ግን ብዙዎቹ በሲም ካርድ፣ በሞባይል ዳታ ነው የሚሠሩት። በ2015 መጨረሻ ክልሉ ውስጥ ዳታ ተዘግቶ ለወራት ሲቆይ መኪናዋ የት እንዳለች የምታሳየው ካርታ በስልክ ላይ ቀጥ ብላ ቀርታለች። ከዚህ ይልቅ ብዙም ያልታሰበበት አንድ ነገር አለ፤ ነዳጅ። ከግንቦት 2015 ጀምሮ በመላ አገሪቱ ነዳጅ የሚቀዳው በዲጂታል ክፍያ ነው፣ ታርጋም ይመዘገባል። የተሰረቀ መኪናም ይጠማል። ጠፋ የተባለ ታርጋ ማደያ ላይ ሲገባ ለፖሊስ ደወል የሚያሰማ ሥርዓት ማበጀት ከባድ አይመስለኝም። በጥቁር ገበያ በጀሪካን የሚሸጠው ቤንዚን ይህን እንደሚያፈርሰው አውቃለሁ። ቢሆንም ሩቅ መንገድ የሚሄድ ሌባ ሁልጊዜ ጀሪካን አያገኝም።

አባቶቻችን አውጫጭኝ ነበራቸው። ከብት ሲጠፋ ያገሬው ሰው ይሰበሰባል፣ ሌባው እስኪታወቅ አይበተንም። ሌባ ሻይም ነበር፤ ለብላቴና መድኃኒት አጠጥተው የገባበትን ቤት ሁሉ የሌባ ቤት ይሉ ነበር። ስንቱ ንጹሕ ሰው ተዋርዷል! ዛሬ የሚታየው የደቦ ፍርድም የዚሁ የልጅ ልጅ ነው። የተያዘን ልጅ ደብድቦ መግደል መኪና አያስመልስም። ይልቅ ዕቃውን ማን እንደገዛው የሚናገረውን አፍ ይዘጋል። ከአውጫጭኝ መውሰድ ያለብን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወሬው ያለው ሰፈር ውስጥ ነው። ዛሬ ያ ወሬ በሹፌሮች የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ይዞራል። ፖሊስ ግን እዚያ የለም። አንድ የጣቢያ መኮንን በሥራ ስልኩ እዚያ ቢገባ ግማሹ ሥራ ተሠራለት ማለት ነው።

የተገኘውስ? የተያዘ ባጃጅ ለማስረጃ ተብሎ ጣቢያ ግቢ ውስጥ ወራት ይቆማል። ፀሐይ ሸራውን ይቆራርጠዋል፣ ጎማው ይተነፍሳል፣ ባለቤቱ በየሳምንቱ እየተመላለሰ በአጥር ያየዋል፣ ዕቁቡን ግን ይከፍላል። ስለዚህ ሌላ ጊዜ ባጃጁ ቢጠፋበት ወደ ፖሊስ ከመሄድ ወደ ደላላ ሄዶ መደራደር ይቀናዋል። ይህን ማስተካከል ይቻላል። ባጃጁ ፎቶ ይነሳ፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ይመዝገብ፣ ባለቤቱም ፍርድ ቤት ሲጠራው ሊያቀርበው፣ እስከዚያም ላይሸጠው በግዴታ ፈርሞ በዚያው ሳምንት ይዞት ይውጣ።