ሁለት ኩላሊት ለአሥር

ሁዳዴ ሊፈታ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሰፈሩን የሒሳብ ዛር ይሰፍርበታል። ዓመቱን ሙሉ የዕድር ስብሰባ ላይ ዝር የማይል፣ የውሃ ቆጣሪውን እንኳ ጎረቤት የሚያነብለት ሰው፣ የቅርጫው ዝርዝር ላይ ስሙ መኖሩን በቀን ሦስቴ እየደወለ ያጣራል። «ስንት ሰው ሆንን?» ይላል። ጥያቄው የዋህ ይመስላል። ግን የቅርጫ ሰላምም ጠብም የሚወሰነው በዚህች ቁጥር ነው።

ብዙ ሰፈር አሥር ሰው ይወዳል። ምክንያቱ አንድና አንድ ነው፤ ለአሥር ማካፈል ዜሮ መሰረዝ ብቻ ስለሆነ ሰብሳቢው ሒሳብ አዋቂ ይመስላል። በሬው 120,000 ብር ተገዛ እንበል። የደላላው፣ የአይሱዙው፣ የአራጁ፣ የሸራውና የአንድ ሌሊት ድርቆሹ ተደምሮ 6,000 ብር ቢመጣ፣ ለሰው 12,600 ብር ይደርሳል። እዚህ ድረስ ሁሉም ወንድማማች ነው። ችግሩ በሬው የተሠራው በአሥር ቤት አለመሆኑ ነው። በሬ በግራና በቀኝ 13፣ 13 ጎድን አለው፤ ድምሩ 26። ለአሥር ሲካፈል ለሰው ሁለት ሁለት ደርሶ ስድስት ይተርፋል። እነዚህ ስድስት ጎድኖች አሥር ሰው መሃል ሲቀመጡ ሽማግሌ ያስጠራሉ። ለ13 ሰው ቢሆን ኖሮ ያለ ክርክር ያልቅ ነበር፤ ግን 13 ሰው በአንድ በሬ ዋጋ የተስማማበት ሰፈር እስካሁን አልተሰማም። ስምንት ሲሆኑ ደግሞ እግሩ ይመቻል፤ አራት እግር ለስምንት፣ ግማሽ ግማሽ። ልብ ግን አንድ ነው። ምላስ አንድ ነው። ሻኛም አንድ ነው፤ እንዲያውም የገበያው ቀን ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ የሚያየው እሱን ነው።

ገበያ የሚሄዱት ሦስት ናቸው፤ ገንዘብ ያዥ፣ «በሬ አውቃለሁ» ባይ እና ደላላውን የሚሰድብ። ሁለተኛው ሰው የበሬውን ሆድ በመዳፉ መታ መታ አድርጎ «ይሄ ሥጋ ነው» ይላል። ሥጋ አይደለም። ነጋዴው ጨው አልሶ ውሃ የሞላው በሬ ሆዱ እንደ ከበሮ ይነፋል፤ ያ ሁሉ በማግስቱ ፈርስ ሆኖ ጉድጓድ ይወርዳል። መታየት ያለበት የጭራው ሥር ነው፣ ከሻኛው ኋላ ያለው ጀርባ ነው፣ የጎድኑ ላይ ሽፋን ነው። ጎድኑ አንድ ባንድ ከተቆጠረ ጮማ የለም። ጥርሱም ይከፈት። በሬ ከላይ የፊት ጥርስ የለውም፤ ታች ያሉት ስምንቱ ሙሉ በሙሉ የሚለወጡት ከአራት እስከ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። ተፋፍገው የወጡ ከሆነ ጎልማሳ ነው፤ አጥረው ተራርቀው ከሆነ ግን ብዙ ክረምት አርሶ የመጣ ነውና ጥብሱ ከመንጋጋ ጋር ይታገላል።

ከዚያ የኪሎ ሕልም ይመጣል። 300 ኪሎ የሚመዝን በሬ ተገፎ፣ ጭንቅላቱ፣ እግሩና የሆድ ዕቃው ሲነሳ፣ ከነአጥንቱ የሚቀረው ግማሹ ገደማ፣ 150 ኪሎ አካባቢ ነው። ለአሥር ሰው 15 ኪሎ። «በሬ አውቃለሁ» ባዩ ግን 300ን ለአሥር አካፍሎ 30 ኪሎ ቃል ገብቷል፤ ሚስቱም በዚያው ልክ ድስት ተውሳለች። ቀኑ ሲደርስ የጎደለው 15 ኪሎ በማን ይሳበባል? ቢላዋ በያዘው።

የፋሲካ ዕለት ጎህ ሲቀድ በሬው ይወድቃል። ቆዳው ሳይበሳ ከተገፈፈ በኋላ በጀርባው ተዘርግቶ ራሱ ጠረጴዛ ይሆናል፤ አጠገቡ ቅጠል ወይም ሸራ ይነጠፋል፣ አሥሩ መደብ በሁለት ረድፍ ይመደባል። የማያውቅ ሰው ሥጋውን ሁሉ ቆራርጦ አሥር ክምር ከሠራ በኋላ ማስተካከል ይጀምራል፤ በዚህ መንገድ የሄደ ቅርጫ እስከ ቀትር አያልቅም። የሚያውቀው እያንዳንዱን ብልት ለብቻው ለአሥር ይከፍላል። ታላቅ ለአሥር፣ ታናሽ ለአሥር፣ ወርች ለአሥር፣ ሽንጥ፣ ዳቢት፣ ፍሪምባ፣ እንዲህ እያለ ይወርዳል። አጥንቱ ቀጥሎ ይመጣል፣ ሆድ ዕቃው መጨረሻ። ሆድ ዕቃ መጀመሪያ ከተቀመጠ ውሃው ሥጋው ላይ ይወርዳል፤ ደግሞም የጎደለ መደብ ካለ በጨጓራና በሳምባ መካስ የሚቻለው መጨረሻ ላይ ሲደርስ ብቻ ነው።

አንድ የማይነገር ምስጢር አለ፤ እጅ ይደክማል። ቆራጩ ሁልጊዜ ከአንደኛው መደብ ጀምሮ ወደ አሥረኛው የሚሄድ ከሆነ፣ መጀመሪያ ላይ እጁ ለጋስ ነው፣ ዘጠነኛው ላይ ሲደርስ የቀረውን አይቶ ይሰስታል። ሃያ ዓይነት ብልት በዚህ አካሄድ ከተከፈለ አሥረኛው መደብ ሃያ ጊዜ ይበደላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ታላቁን ከአንድ ወደ አሥር ያስቀመጠ ታናሹን ከአሥር ወደ አንድ ይመልስ። ቢላዋውም በየሁለት ብልቱ ሞረድ ይንካው፤ የደነዘዘ ቢላዋ ሥጋ ይጎትታል እንጂ አይቆርጥም፣ የተጎተተው ደግሞ ሁሌ ወደ ትልቁ መደብ ነው የሚጎተተው።

በዚህ መሃል ሚዛን ይዞ የሚመጣ ዘመናዊ ሰው አይጠፋም። ሁሉንም መደብ 15፣ 15 ኪሎ አድርጎ እጁን ያራግፋል። አንደኛው መደብ ላይ ሦስት ኪሎ ሻኛ፣ ሰባተኛው ላይ ሦስት ኪሎ አንገት ተቀምጧል፤ ሚዛኑ ግን ሁለቱም ፊት በእኩል አክብሮት ነው የሚቆመው። ሰባተኛው የደረሰው ሰው ሚዛኑን ምን እንደሚያደርገው ይታወቃል። የቅርጫ እኩልነት የክብደት አይደለም፤ እያንዳንዱ መደብ ትንሽ በሬ መሆን አለበት።

ይህ ነገር ፈረንጅንም እንቅልፍ ነስቶታል። ሁጎ ስታይንሃውስ የተባለ የፖላንድ የሒሳብ ሊቅ አንድን ነገር ለብዙ ሰው እንዴት ማካፈል እንደሚቻል፣ እያንዳንዱም «ድርሻዬ አልጎደለም» ብሎ እንዲሄድ ምን ዘዴ እንዳለ ጠይቆ በ1948 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጽፎ አሳትሟል። ወዳጆቹ ባናክና ክናስተር ያገኙት መልስ እንዲህ ነው፤ አንዱ ድርሻ ያህል ይቆርጣል፣ ቀጣዩ በዛ ካለ ሸርፎ ይቀንሳል፣ ሦስተኛውም እንዲሁ፤ መጨረሻ የሸረፈው ሰው ያንን ቁራሽ ወስዶ ይወጣል። ሊቃውንቱ ያሰቡት ስለ ኬክ ነበር፤ ኬክ ደግሞ ቅልጥም የለውም። የእኛዎቹ ከሽረፋው ግማሹን ነው የያዙት። ዙሪያውን የቆመ ሁሉ «ጋሼ፣ ያቺን ቁራጭ ከአራተኛው ወደ ስድስተኛው ቢያዞሯት?» ይላል፣ ጋሼም ያዞሯታል፤ በረንዳ ላይ የተቀመጡት እትዬ ደግሞ «ኧረ አሁን አራተኛው ጎደለ!» ይላሉ፣ ቁራጯም ትመለሳለች። አንዲት የ100 ግራም ጮማ በአንድ ጠዋት ሰባት መደብ ዞራ የተነሳችበት ትደርሳለች። ልዩነቱ፣ እዚህ የሸረፈ አይወስድም፤ ማን የቱን እንደሚወስድ የሚያውቀው ዕጣው ብቻ ነው። ስለዚህ የሰው መደብ ያሳነሰ የራሱንም ሊያሳንስ ይችላልና ሁሉም ሰው ሳይወድ ጻድቅ ይሆናል።

ጊዜው የት እንደሚሄድ ላስተዋለ ግን በሒሳብ መጽሐፍ ኢ-ርቱዕ ወደራዊነት የሚባለው ነገር ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ዕቃው ባነሰ ቁጥር ክርክሩ ይረዝማል። አራት አምስት ኪሎ ጉበት በአምስት ደቂቃ ይከፈላል። ጭቅና ሲመጣ፣ ከጀርባ አጥንቱ ሥር ያሉት ሁለት ቀጫጭን ሥጋዎች ናቸውና፣ ሩብ ሰዓት ይወስዳል። ኩላሊት ላይ ሲደረስ ቡና ይፈላል። የሚገርመው፣ ተፈጥሮ እዚህ ቦታ ላይ አዝናልን ነበር። የበሬ ኩላሊት እንደ በግ ኩላሊት ድፍን አይደለም፤ ወደ 20 የሚጠጉ እንክብሎች ተጣብቀው እንደ ወይን ዘለላ ነው የሚታየው። ሁለቱ ኩላሊት ወደ 40፣ ለአሥር ሰው አራት አራት! ከዚህ በላይ ምን ይደረግልን? ክርክሩ ግን ሞራው ላይ ይነሳል። ኩላሊቱን የሸፈነው ሞራ ከኩላሊቱ ጋር ነው የሚቆጠረው ወይስ ለብቻው? አንዱ «ሞራ ሞራ ነው» ይላል፤ ሌላው ዘንድሮ ለኩላሊቱ ሳይሆን ለመርህ ነው የሚከራከረው። የሰፈሩን መንገድ ኮብልስቶን ለማስነጠፍ ከተደረገው ውይይት ይህኛው ይረዝማል፣ ተሳታፊውም ይበዛል፣ በሰዓቱም ይገኛል።

እስከዚያው ድረስ ከመደቡ ውጪ አንድ ያልተመዘገበ መደብ ይበላል። የቀማሾች ነው። አሥሩ ባለድርሻ፣ አራጁና ረዳቱ፣ «እንኳን አደረሳችሁ ልል ነው የመጣሁት» የሚለው ጎረቤት፣ ሁለት ሦስት ወጣት፤ 15 ሰው በነፍስ ወከፍ 200 ግራም ጥሬ ሥጋ ቢያነሳ ሦስት ኪሎ ነው። አንድም ቀማሽ አንገት ሲቀምስ ታይቶ አይታወቅም። ሦስቱም ኪሎ ከሻኛና ከጭቅና ነው የሚሄደው፣ በሚጥሚጣ፤ ከዚያ በኋላ ሻኛው ለአሥር ሲከፈል ሰው ሁሉ «ይሄ በሬ ሻኛው ትንሽ ነበር» ብሎ በበሬው ላይ ይመሰክራል። የሐኪም ምርመራ ያላየው የግቢ እርድ ደግሞ ሌላም ነገር ያካፍላል። የኮሶ ትል ዕጭ ሥጋው ውስጥ እንደ ሩዝ ፍሬ ነጭ ሆኖ ይቀመጣል፤ በደንብ የበሰለ ሥጋ ይገድለዋል፣ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ 10 ቀን የከረመም እንዲሁ። ጠዋት በሚጥሚጣ የተበላው ግን አይገድለውም፤ ሚጥሚጣውን እየረገመ ይኖራል እንጂ። እሱን በተመለከተ ድርሻዬ ጎደለ ያለ ቀማሽ የለም።

ዕጣው ሲደርስ ሰፈሩ ጸጥ ይላል። እያንዳንዱ አንድ ነገር ይሰጣል፤ ቁልፍ፣ እስክሪብቶ፣ ስንጥር፣ ጠጠር። መደቡን ያላየ፣ የማንንም ዕቃ የማያውቅ ልጅ ይጠራና አንድ አንድ መደብ ላይ ያኖራል። ልጁ የሰብሳቢው ልጅ አይሁን፤ ቢሆን እንኳ ቢያንስ የአባቱን ቁልፍ የማያውቅ ዕድሜ ላይ ይሁን። ቁልፉ አንዴ ካረፈ በኋላ ቅሬታ የለም። በአፍ ማለት ነው። በዓይን ግን እያንዳንዱ የጎረቤቱን መደብ እየመዘነ ነው፤ ከአምስት ደቂቃ በፊት «አሁን እኩል ነው፣ በቃ!» ብሎ ያጸደቀውን ዘጠኙን ሁሉ ከራሱ አብልጦ ያያቸዋል።

ግማሽ መደብ የገቡ ሁለት ሰዎች ካሉ ለእነሱ ቅርጫው ገና አልተጀመረም። ሲገቡ 6,300፣ 6,300 ነበር ያዋጡት፤ አሁን አንድ ጎድንና አንድ ጎድን፣ ሁለት የኩላሊት እንክብልና ሁለት እንክብል እያሉ ጥግ ይይዛሉ። ለሁለት ሰው ዕጣ አያስፈልግም፤ አንዱ ይክፈል፣ ሌላው ይምረጥ። ከፋዩ እጁ ሲንቀጠቀጥ ማየት ነው። ከኮንዶሚኒየሙ አምስተኛ ፎቅ የወረደ ባለ ግማሽ መደብ ከሆነ ቅልጥሙን ለሁለት የሚሰነጥቅ መጥረቢያ ፍለጋ ሰፈሩን ያዞራል፤ መጥረቢያው ሲገኝ መቅኔው ግማሹ ሸራው ላይ ቀርቷል፣ የሸራው ድርሻ ደግሞ የውሻው ነው።

ቆዳው? ድሮ የአራጁን ዋጋ የሚሸፍን፣ አንዳንዴም ለቢራ የሚተርፍ ነበር፤ «የቆዳው ሒሳብስ?» ሳይባል ቅርጫ አይበተንም ነበር። የቆዳ ዋጋ ከወደቀ ወዲህ ግን አራጁ ራሱ «ውሰደው» ሲባል ስልክ እንደተደወለለት ሰው ፊቱን ያዞራል። ከበሬው ሁሉ አሥሩም ሰው በአንድ ድምፅ ለሌላው የለቀቁት እሱን ነው።

ከቆዳው ሥር ደግሞ ከ30 ኪሎ ያላነሰ ፈርስ አለ። እሱ ለአሥር አይካፈልም፤ ግቢው የተመረጠበት ሰው ብቻውን ይወርሳል፣ በተግባር ደግሞ ቤት ውስጥ የምትሠራው ልጅ ትወርሳለች፤ መደብ ግን የላትም። ስለዚህ ግቢውን ለቅርጫ የሚሰጥ ሰው አንድ ነገር ይያዝ፤ ጉድጓዱ በሬው ከመውደቁ በፊት ይቆፈር፣ ቢያንስ እስከ ወገብ። ከዕጣው በኋላ አካፋ የሚይዝ እጅ አይገኝም፤ ሁሉም እጅ ፌስታል ይዟል።